ስድስተኛዋ አሃዝ

የአጎቴ ዲኤክስ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አምስት ጥቁር አሃዞች አሉት። በቀኝ ጫፍ ደግሞ መቶ ሜትሮችን የምትቆጥር አንዲት ነጭ አሃዝ አለች። 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መኪናዋ መቶ ሺህ ትሂድ ሦስት መቶ ሺህ፣ ዳሽቦርዱን ብቻ አይቶ የሚያውቅ የለም። ስንተኛ ዙሯ እንደሆነ የሚያውቁት የተሳፈሩባት ሰዎች ናቸው።

ከአዲስ አበባ ስንነሳ ቁጥሩ 99,652 ይላል። ጂማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አጎቴ ሒሳቡን ቀድመው ሠርተውታል። ሰሞኑን ለገበያውም ለለቅሶውም በታክሲ ሲመላለሱ የከረሙት ለዚሁ ነው። ወጣት መምህር ሆነው የተመደቡት ጂማ ነበር፤ ትዳርም የያዙት እዚያው። ሦስተኛው ዙር እዚያ እንዲሞላ ፈለጉ። እኔን ደግሞ ለምስክርነት ጠሩኝ። ደስ እያለኝ ነው የሄድኩት።

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን አለፍን። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱ ወዲያው ይታወቃል፣ ሹራብ ይወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር የአጎቴ ሚስት እትዬ ከኋላ ወንበር፣ «እዚህ ነው! የመጀመሪያው እዚህ ነው የዞረው!» አሉ።

የቤት ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጂማ ሲመለሱ ነበር። ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽ፣ እትዬ ጭን ላይ የመጀመሪያ ልጃቸው። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን መኪናዋን አቁመው ወርደው አጨበጨቡ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የተበላሸችባቸው መስሎት ቆመ። ነገሩን ሲነግሩት አልሳቀባቸውም። ወደ መኪናው ተመልሶ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ክላክሱን ነፋላቸውና ሄደ። እትዬ የሹፌሩን የሸሚዝ ቀለም ሳይቀር ያስታውሳሉ።

ሁለተኛው ዙር አዲስ አበባ ውስጥ፣ በመንገድ መጨናነቅ መሃል አለፈ። ማንም አላየውም። አጎቴ ዞር ብለው ሲያዩ 00003 ሆኖ አገኙት። እስካሁን ይቆጫቸዋል።

እኔ ይህ ቁጭት ይገባኛል። ሰው የሄደበትን መንገድ መቁጠር የጀመረው መኪና ከመኖሩ በፊት ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ መንገድ የሚቆጥር ሠረገላ አሠራር ጽፏል። መንኮራኩሩ 400 ጊዜ ሲዞር አንድ የሮማ ማይል ይሞላል፤ ያኔ አንዲት ጠጠር ወደ ነሐስ ዕቃ ውስጥ ዱብ ትላለች። ተጓዡ ድምፅዋን ይሰማል፤ ማታ ጠጠሮቹን ይቆጥራል። የኛዋም ዲኤክስ ሥራዋ ያው ነው። ከካምቢዮው የሚነሳ ቀጭን ሽቦ እየተሽከረከረ አሃዞቹን ያዞራል። የሚቆጥረው ግን ዙሩን እንጂ አስፋልቱን አይደለም። ጎማው ሲያልቅ ክቡ ስለሚያንስ፣ ቆጣሪው ከእውነተኛው ትንሽ አብልጦ ይቆጥራል።

አጎቴ በጣም የሚወዱት ታሪክ ግን የኢርቭ ጎርደንን ነው። አሜሪካዊ የሳይንስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የገዛትን ቮልቮ ፒ 1800 እየነዳ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላ፤ ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። «መምህር ነው እኮ!» ይላሉ አጎቴ፣ ዘመዳቸው ይመስል።

ሰርቦን አልፈን ወደ ጂማ ስንቃረብ 99,990 ሆነ። ወሬ ቆመ። ቦዬ ረግረጉ አካባቢ አጎቴ ፍሬቻ አብርተው ዳር ያዙ፣ ማርሽ ቀነሱ። ባጃጆች እየቀደሙን ያልፋሉ። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ» አልኩ፤ እሳቸው ግን በእርምጃ ያህል ነበር የሚነዱት።

ነጯ አሃዝ ዘጠኝ ላይ ደረሰች። ከዚያ ስድስቱም አንድ ላይ ተንቀሳቀሱ። በሌላ ጊዜ አንዷ ስትዞር ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ዘጠኝ ሲሆኑ ግን ነጯ የቀሩትን ሁሉ ይዛቸው ትዞራለች። የመጨረሻው መቶ ሜትር ነው። ዘጠኞቹ እየሸሹ፣ የዜሮዎቹ ጠርዝ ብቅ እያለ፣ ለአፍታ ዘጠኝም ዜሮም ያልሆነ ነገር ይታያል። ከዚያ 00000። መሃለኛዋ ዜሮ ከጓደኞቿ ትንሽ ከፍ ብላ ቀረች፤ እርጅና ነው። እትዬ እልልታውን አቀለጡት። አጎቴ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ «ሦስት መቶ ሺህ» አሉ። ያቺን ሦስት ቁጥር የያዘ አሃዝ ዳሽቦርዱ ላይ የለም። እሳቸው ጋ ነው ያለችው፣ እትዬም ጋ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ጋ።

ጂማ ከተማ ነዳጅ ስንቀዳ ቀጂው ልጅ አንገቱን አስግጎ ቆጣሪውን አየና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆና ብትሸጧት ዋጋ ታወጣለች» አለ። አጎቴ ሳይቆጡ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ አሳዩት፤ ተበልቶ መሃሉ ብረቱ ወጥቷል። አጎቴ አልሳቱም፤ መኪና የሚገዛ ሰው ማየት ያለበት እሱን ነው። መኪናዋ ብዙ ያልሄደች እንድትመስል ቁጥር ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች ፔዳሉን፣ መሪውን፣ የወንበሩን ጠርዝ ይረሷቸዋል። ዲጂታሉም ቢሆን ይመለሳል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሌላውን ሰው ዕድሜ የሚሰርቅ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ጅሬን ወጣን፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። የእንጨት በረንዳው ላይ ቆሞ ከተማው ከታች ይታያል። ሲራራ ነጋዴዎች በበቅሎ ወደ ሂርማታ ገበያ ሲመጡ መንገድ የሚቆጠረው በቀን ጉዞ ነበር። እትዬ የተዋወቁበትን ትምህርት ቤት አቅጣጫ በጣታቸው አሳዩኝ። ታች የቆመችው መኪና ቁጥር ገና ሃያ አልሞላም።

በረንዳው ላይ ሌላ ሒሳብ ተነሳ። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስለዚህ ቆጣሪው 84,400 ሲል ዲኤክስ ጨረቃ ደረሰች ማለት ነው። የት ሆነን እናክብረው? እትዬ ጎንደር አሉ። አጎቴ ሩቅ መሄድ ምን አስፈለገ፣ አጋሮ ይበቃናል ይላሉ። እየተከራከሩ ደረጃውን ወረዱ።