«ከ649 ዶላር ጀምሮ»

ማስታወቂያው ላይ ያለችው መርከብ ነጭ ናት። ከጀርባዋ ቬኒስ ይታያል። «7 ሌሊት፣ ከቬኒስ ወደ ግሪክ ደሴቶች፣ ከ649 ዶላር ጀምሮ» ይላል። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ማታ ማታ ቴአትሩ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ለታላቅ እህቴ ላክሁላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«‹ጀምሮ› የምትለዋን ቃል አይተሃታል?»

እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ ስትሠራ የኖረች ሰው ናት። ደረሰኝ ካላየች አታምንም። እኔ ግን ለሁለት ሰው 1,298 ዶላር ብዬ በልቤ ጨርሼ ነበር።

የመጀመሪያው ጭማሪ የመጣው ገና ካርዴን ሳስገባ ነው። ታክስና የወደብ ክፍያ፣ በሰው 152 ዶላር። ይሄ እንኳ የፈጠራ ወጪ አይደለም። ወደቦች መርከብ ሲቆም በተሳፋሪ ቁጥር ያስከፍላሉ። የሚያናድደው ለብቻው መጻፉ ነው። በካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ መንግሥት ከሚጥለው ታክስና ክፍያ በቀር ግዴታ የሆነ ክፍያ ሁሉ በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲገባ ሕግ ወጥቷል። እኛ ያየነው ማስታወቂያ ግን በድሮው መንገድ የተጻፈ ነበር። 1,298 የነበረው 1,602 ሆነ። ገና ቤታችን ነን።

ደግነቱ እኔና እህቴ ሁለት ነን። የካቢን፣ ማለትም የመርከቡ መኝታ ክፍል፣ ዋጋ የሚሰላው ሁለት ሰው ያድርበታል ተብሎ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የባዶውን አልጋ ዋጋም ይከፍላል።

ከዚያ የቬኒስ ጉዳይ መጣ። ትኬቱ በኢሜይል ሲደርሰን የመነሻው ወደብ «ቬኒስ (ራቬና)» ይላል። ቅንፏን መጀመሪያ ልብ አላልኳትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጣሊያን ከኦገስት 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ቬኒስ ውስጥ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ከልክላለች። በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ ያቺን ከተማ ያየ ሰው ይገባዋል። ብዙዎቹ ትልልቅ መርከቦች ግን የቬኒስን ስም ይዘው ወደ ሌላ ወደብ ሄዱ። ራቬና ከቬኒስ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የመርከቡ ድርጅት ከቬኒስ አየር ማረፊያ በአውቶቡስ ላድርሳችሁ አለ፣ በሰው 80 ዶላር። እህቴ ሳቀች። ከባቡር ባቡር እየቀየርን ሄድን። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ ስለማይጠብቅ አንድ ቀን ቀድመን ደርሰን ራቬና አደርን። ሆቴሉና ባቡሩ ተደምሮ 190 ዶላር በላ።

ያቺ ሌሊት ግን አልቆጨችኝም። ራቬና ውስጥ ሳን ቪታሌ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እ.ኤ.አ. በ547 የተመረቀ። ግድግዳው ላይ ንጉሥ ዮስጢንያኖስና ንግሥት ቴዎዶራ በጥቃቅን ባለቀለም ብርጭቆና ድንጋይ ተሥለው ዛሬም ያበራሉ። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴም የተቀበረው እዚሁ ከተማ ነው። በማግስቱ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደቡ ላይ ሲራገፍ አየሁና አዘንኩላቸው።

መርከቡ ስንገባ አንድ አንድ ካርድ ሰጡን። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። ከጀርባው የባንክ ካርዳችን ታስሯል። መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ካርዷን ጠቅ፣ ፈገግታ፣ አለቀ። ብር የምታወጣ አይመስልህም። ወጪው የሚደበቀው ዋጋው ሳይጻፍ ቀርቶ አይደለም፣ ሁሉም ነገር ተጽፏል። እጅህ ግን ቦርሳህን አይነካም።

ካቢናችን መስኮት የላትም። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ቆመዋል፣ ክዳናቸው ላይ እንደ ቀለበት ወረቀት ተጠልቆላቸዋል። እጄን ስሰነዝር እህቴ ያዘችኝ። መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አነበበች።

«4 ዶላር ከ50። ሲደመር 18 በመቶ አገልግሎት።»

ሁለቱንም አንስታ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ ጀርባ ደበቀቻቸው። በነጻ ውኃ የሚቀዳበት ላይኛው ደርብ ላይ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ የራሳችንን ኮዳ ይዘን ተመላለስን።

የመጠጥ ፓኬጅ የሚሸጥ ልጅ በየመተላለፊያው አለ። በቀን 75 ዶላር፣ እሱም ላይ 18 በመቶ። «ያሻችሁን ያህል!» ይላል። አንዱ ከገዛ ደግሞ በዚያው ካቢን ያለው ሌላው አዋቂም መግዛት አለበት። እህቴ እዚያው ቆማ ስልኳ ላይ አሰላችው። ለሁለት ሰው ለ7 ቀን 1,239 ዶላር። ሁለታችንን ለሳምንት ከሚያሳድረውና ከሚያበላው ዋጋ የሚያንሰው በ59 ዶላር ብቻ ነው። ልጁ ራሱ ቁጥሩን ሲሰማ ትንሽ ደነገጠ መሰለኝ። ጠዋት ማታ ለሚጠጣ ሰው ያዋጣው ይሆናል። እኛ ቡና፣ አንድ ሁለት ብርጭቆ ወይን፣ በቃ።

ቲፕ ሌላው ነው። ጉርሻ ሰው ደስ ሲለው የሚሰጠው ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚህ በየቀኑ በየሰው 18 ዶላር ራሱ ይቆረጣል፣ ለሁለታችን በሳምንት 252። እንግዳ መቀበያው ሄደህ ማስቀነስ ይቻላል። ቀንሱልን የሚሉ ሰዎችም አይቻለሁ። እኔ ደሞዛቸው ከመጀመሪያው ትኬቱ ውስጥ ቢገባ እመርጣለሁ። ግን ካቢናችንን በቀን ሁለቴ የሚያስተካክለው ልጅ ይህን ሥርዓት አላወጣም። ከእሱ ላይ ቀንሼ ማንን ልቀጣ ነው? አልነካነውም። የሚገርመው የቡናው ደረሰኝ ላይ 18 በመቶው ተቆርጦ ከሥሩ ደግሞ «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር አለ። የመጀመሪያ ቀን እኔ ጅሉ ሞላሁት።

ኢንተርኔት ለአንድ ስልክ በቀን 20 ዶላር። አንድ ገዝተን በተራ ተጠቀምን። ስልካችሁን ከወደብ ሳትወጡ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። መርከቡ የራሱ የስልክ ኔትወርክ አለው፣ ስልኩ ዝም ብሎ ከእሱ ጋር ከተያያዘ ሒሳቡ የሚመጣው ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ኮቶር የምትባል የወደብ ከተማ ገባን። ተራሮቹ ከግራም ከቀኝም ወደ መርከቡ ይጠጋሉ፣ ውኃው ጸጥ ብሎ እንደ መስተዋት ተኝቷል። ከማሽኑ የቀዳሁትን ነጻ ቡና ይዤ ላይኛው ደርብ ላይ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ከሳምንቱ ሁሉ ምርጧ ሰዓት ይቺ ነበረች። አንድ ሳንቲም አላስከፈለችኝም።

ኮቶር ግን ሞንቴኔግሮ ናት፣ ከሼንገን፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ውጭ። በማግስቱ የግሪክ ደሴት ኮርፉ ስንገባ እንደገና ሼንገን ገባን ማለት ነው። ቪዛ ለሚጠየቅ ሰው አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃውም። ማመልከቻው ራሱ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። እኛ ቀድሞ የወጣ ስለነበረን አልቆጠርነውም።

ሳንቶሪኒ የምትባለው የግሪክ ደሴት ላይ መርከቡ ባሕሩ መሐል ይቆማል፣ ወደ ዳርቻ በጀልባ ያወርዱሃል። ከተማዋ ፊራ ገደሉ አናት ላይ ናት። በኬብል ካር፣ በበቅሎ፣ ወይ በእግር ወደ 600 ደረጃ። የመርከቡ ጉብኝት በሰው 95 ዶላር ነበር። እኛ በኬብል ካር ወጣን፣ ከፊራ ኦያ ወደምትባለው ሌላ መንደር በሕዝብ አውቶቡስ ሄድን፣ ሁለት ዩሮ አካባቢ። በብልጠታችን ኮርተን ነበር። ስንመለስ የኬብል ካሩ ሰልፍ መንገዱን ይዞ ይጠማዘዛል። የመጨረሻዋ ጀልባ የምትነሣው ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው። በመርከቡ ጉብኝት የወጣን ሰው መርከቡ ይጠብቀዋል፣ በራሱ የወጣን አይጠብቅም። የ95 ዶላሩ ትርጉም ያኔ ገባኝ።

ደረጃውን ወረድን። ድንጋዩ በሰኮና ብዛት ተወልውሎ ሳሙና ሆኗል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ፋንድያ። በቅሎዎች ከፊት ሲመጡ ግድግዳ ላይ እንለጠፋለን። እህቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ወዲያው ደግሞ ምን ላይ እንደምትረግጥ አየችና መልሳ አደረገች። በ12 ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ማታ እግሯ ተንቀጠቀጠ። «ኢንሹራንስ ገዝተናል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ገዝተናል፣ 96 ዶላር። መርከቡ ላይ ያለው ክሊኒክ እንደ ግል ሐኪም ስለሚያስከፍል በዚህ ወጪ አልተከራከርንም።

የመጨረሻው ሌሊት የሒሳብ ወረቀቱ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። እህቴ አልጋው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ እየነካች አነበበችው። ቲፕ 252። ኢንተርኔት 140። ቡናና መጠጥ 118። ለየት ያለው ምግብ ቤት አንዴ ስለበላን 106። እኔ ነኝ የማልለው ፎቶ 25። ልብስ ማጠቢያ 20። ከዚያ የግሪክ መንግሥት ክፍያ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ የሚወርድ የመርከብ ተሳፋሪ በበጋው ግርግር ወቅት 20 ዩሮ፣ እንደ ኮርፉ ባሉት ወደቦች 5 ዩሮ ይከፍላል። ለሁለታችን በዶላር 105 መጣ። ድምር 766።

የብስ ላይ ያወጣነው 160 ሲጨመር ሁሉም አንድ ላይ 2,814 ዶላር ሆነ፣ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆጠር። ለአንድ ሰው በሌሊት 201 ዶላር። ማስታወቂያው 93 ብሎኝ ነበር። 201 ራሱ ለማደሪያ፣ ለምግብና ለአምስት ከተማ ክፉ ዋጋ አይደለም። ከመጀመሪያው 201 ቢሉኝም እሄድ ነበር።

«ቆይ» አለች እህቴ። እስክሪብቶዋ ከመጠጡ ዝርዝር አንድ መስመር ላይ ቆሟል። «የካቢን ውኃ፣ 5 ዶላር ከ31 ሳንቲም። እኛ መቼ ጠጣን?»

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው። ተይው አልኳት። ቁምሳጥኑን ከፍታ ሁለቱን ጠርሙሶች ከጃኬቶቹ ጀርባ አወጣቻቸው፣ የወረቀት ቀለበታቸው እንኳ አልተቀደደም። በነጠላ ጫማ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረደች። ሰልፉ ረጅም ሳይሆን አልቀረም፣ አርባ ደቂቃ ቆየች። ተመልሳ ስትገባ አዲስ የታተመ ወረቀት ይዛለች።

«760 ከ69» አለችና መብራቱን አጠፋች።