ምንጩን በጀሪካን መለካት ስንጀምር

ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ በተፋሰስ ልማት የምሠራ ባለሙያ ነኝ። የኛ ሪፖርት ሁልጊዜ የሚያወራው በኪሎ ሜትርና በሄክታር ነው። ጥር ላይ ዘመቻው ይጀመራል፣ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ይህን ያህል እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል መሬት ተከለለ ተብሎ ይጻፋል። እዚያው ተራራ ሥር ግን እናቶች ገና ሳይነጋ ምንጭ ላይ ተራ ይይዛሉ። ውሃው ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

ስለዚህ መለካት ጀመርን። የሚያስፈልገው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ብቻ ነው። የምንጩን ውሃ በሙሉ በአንድ ቧንቧ ወይም በቆርቆሮ አሸንዳ እንዲወርድ ታደርጋለህ፣ በጎን የሚሾልከውን በጭቃ ትደፍናለህ፣ ከዚያ ጀሪካኑ እስኪሞላ ትቆጥራለህ። ሦስቴ ደጋግመህ አማካዩን ያዝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 100 ሰከንድ ከፈጀ ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር ይሰጣል፣ በቀን 17,280 ሊትር ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተያዘው መስፈርት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚያ ሂሳብ ይሄ ምንጭ ለ690 ሰው ገደማ ይበቃል። ታዲያ ሰልፉ ከየት መጣ? ሌሊቱን ሙሉ የሚወርደውን ውሃ የሚይዝለት የለማ! ሰው ተኝቶ ሳለ ዝም ብሎ ወደ ወንዝ ይሄዳል። አንዳንድ መንደር የሚያስፈልገው አዲስ ጉድጓድ ሳይሆን ደህና ማጠራቀሚያ ነው፣ ይሄንን ደግሞ ሳትለካ አታውቀውም።

የምትለካበት ጊዜ ወሳኝ ነው። የኛ ደጋ በልግ አለው፣ ስለዚህ በልጉ ከገባ በኋላ የለካኸውን ካለፈው ዓመት የጥር ልኬት ጋር ማወዳደር አይቻልም። በየዓመቱ በዚያው ወር ለካ። የዝናቡንም መጠን መዝግብ፣ አለዚያ ዝናብ ጥሩ የሆነበትን ዓመት እርከኑ ያመጣው ነው ብለህ ትጽፋለህ።

አንድ ቀን ስንለካ አንዲት እማማ እንስራቸውን አስቀምጠው ሲያዩን ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ ምን ትለካዋለህ፣ ውሃው የጠፋው እኮ ከላይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከምንጩ ራስጌ ያለው ግጦሽ እንደ አውድማ ደድሯል። የሐምሌ ዝናብ መሬቱ ውስጥ አይሰርግም፣ ጎርፍ ሆኖ ቦረቦሩን እያሰፋው ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ከድንጋዩ ሥራ ይልቅ የከበደን ንግግሩ ነው። ከብት ያለው ሰው መሬቱ ይከለል ስትለው የሚሰማው ከብትህን ሽጥ ያልከው ያህል ነው፣ አይፈረድበትም። ከሰንበቴ በኋላ ስንት ጊዜ ተቀመጥን። ያግባባን የሣሩ ክፍፍል ነው። ከብት አይገባም፣ ሣሩ ግን በየቤተሰቡ ተመድቦ ይታጨዳል፣ ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ትሸጣለች። ቅጣቱንም ራሳቸው ወሰኑ፣ እኛ አልገባንበትም። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ ሲጠብቅ ኖሯል፣ ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ጓሳን ዛሬም የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው።

እርከንን በተመለከተ ለወጣት ባለሙያዎች አጥብቄ የምለው አለ፤ አንድ ንድፍ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አንዲት ጥድ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አፈርና ውሃ ሲጠናበት የኖረ ተፋሰስ ነው። እንደዚያ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ላይ ውሃ ልኩን ጠብቆ የተሠራ ጠፍጣፋ እርከን ውሃ ያቁርና ገብሱን ያጠፋዋል። እዚያ ትንሽ ተዳፋት ተሰጥቶት ትርፉ በጥንቃቄ መውጣት አለበት። ቁልቁል ወርደህ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ለማሽላ ግን ያው ጠፍጣፋ እርከን እርጥበት ስለሚይዝ ተመራጭ ነው። ዞኑ አንድ ነው፣ መሬቱ ግን ሌላ።

ውጤቱስ? ከጥቂት ዓመት በኋላ በደረቁ ወር ጀሪካኑ ቶሎ መሙላት ጀመረ። በልግ በቀረበት ዓመት ደግሞ ተመልሶ ዘገየ፣ ያንንም እንዳለ ጻፍነው። ደብተሩ አሁን ያለው የውሃ ኮሚቴው ጋ ነው፣ የምትመዘግበው አንዲት ተማሪ ናት።

ያልጨረስነው ባህር ዛፉን ነው። ከምንጩ አጠገብ የተተከለው ውሃውን ይጠጣዋል፣ ግን እህሉን ውርጭ ሲመታው ቤተሰቡን የሚያኖረው ያው ግንድ ነው። ባለቤቶቹ የቆሙት ዛፎች ሲደርሱ ቆርጠው ጉቶውን ሊነቅሉ፣ ለወደፊቱም ከምንጩ ርቀው ሊተክሉ በቃል ተስማምተዋል። በስንት ሜትር የሚለው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።