ከድጡ ወደ ማጡ፣ በፎርስ ፑሽ

ማረም የነበረብኝ ሁለት መስመር ኮድ ነው። ስህተቱን አገኘሁ፣ አረምኩ፣ ቴስቱ አለፈ። ትንሽ ነገር ናት ብዬ ብራንች (ከዋናው ኮድ የተለየ የሥራ መስመር) እንኳ አልከፈትኩም።

ከዚያ የኮድ ለውጥ በምንመዘግብበት ፕሮግራም፣ በጊት፣ «ጊት አድ ነጥብ» አልኩ። ያቺ ነጥብ ጉደኛ ናት፤ የተነካውን ሁሉ ጠራርጋ ታስገባለች። ኤዲተሬ ደግሞ ፋይል ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ኮዱን በራሱ ስታይል ያስተካክላል። ታቡን ስፔስ አድርጎ፣ ረጅሙን መስመር ሰባብሮ ጠብቆኛል። ዲፉን (ምን እንደተቀየረ የሚያሳየውን) ሳላይ ኮሚት (ለውጡን መመዝገብ)፣ ቀጥሎ ፑሽ (ወደ ጋራው ሰርቨር መላክ)፣ ያውም ቀጥታ ሜይን (የሁላችን ዋና ብራንች) ላይ። በኋላ ገልጬ ሳየው ፋይሎቹ ከላይ እስከ ታች ቀይና አረንጓዴ (የወጣና የገባ) ሆነዋል። ሁለቱን መስመሮች እኔም ፈልጌ አጣኋቸው።

እዚህ ላይ እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር። ግን አፈርኩ። ማንም ሳያይ ላጥፋው ብዬ ሪሴት ሃርድ (ሁሉን ወደ ቀድሞው ኮሚት መመለስ) አደረግኩና በፎርስ ፑሽ ላክሁት። ፎርስ ማለት «ሰርቨሩ ላይ ያለውን እርሳው፣ የኔን ያዝ» ማለት ነው። በመሃል አንዲት ባልደረባዬ ሦስት ኮሚት አስገብታ ኖሯል። ሦስቱም ከሜይን ጠፉ። ሪሴት ሃርዱ ደግሞ ጀምሬው የነበረውን ሌላ ሥራ አብሮ ጠረገው። ኮሚት የተደረገ ነገር ቢጠፋ ሪፍሎግ (ጊት ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚይዘው የእርምጃ መዝገብ) ውስጥ ይገኛል፤ ሴቲንጉ ካልተነካ 30 ቀን ያቆየዋል። ኮሚት ያልተደረገውን ግን ሪፍሎግ አያውቀውም።

ባልደረባዬ «ሥራዬ የታለ?» ብላ ጻፈችልኝ። ደግነቱ ኮሚቶቿ ላፕቶፗ ላይ ነበሩና እንደገና ፑሽ አደረገች። ችግሩ፣ ሦስቱም የተሠሩት በኔ ጉድ ላይ ነው። የቀበርኩት ተከትሏት መጣ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያኔ አደረግኩ፤ ሪቨርት። ሪቨርት ታሪክ አይሰርዝም፣ ስህተቱን የሚቀለብስ አዲስ ኮሚት ይጨምራል። እሱም ከአንዱ ኮሚቷ ጋር ተጋጨ። ስፈታው አመሸሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ሜይን ፎርስ ፑሽ እንዳይቀበል መቆለፍ የአንድ ሴቲንግ ጉዳይ ነው። ኃላፊያችን «እንተማመናለን» ብሎ ክፍት ትቶት ነበር። መተማመንና መቆለፍን ምን አጣላቸው?

መመሪያችን ደግሞ «የነካችሁትን ፋይል ስታይሉንም አስተካክሉ» ይላል። እኔ አልቀበለውም። ስታይል በራሱ ኮሚት ለብቻው ይግባ። የፎርማተሩ (የስታይል አስተካካዩ) ሕግም ሪፖው (የጋራው የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በየሰው ኤዲተር አይወሰን። አሁን «ጊት አድ ሰረዝ ፒ» ነው የምጠቀመው፤ ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይጠይቃል። ያሰለቻል፣ ልመዱት። ፎርስ የግድ ከሆነ «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» አለ፤ ሰርቨሩ ላይ ያላያችሁት ኮሚት ካለ እምቢ ይላል። ኤዲተራችሁ ከጀርባ ፌች የሚያደርግ (የሰርቨሩን አዲስ ኮሚት በራሱ የሚያወርድ) ከሆነ ግን እሱንም አትመኑት፤ ያላያችሁትን እንዳያችሁት ይቆጥረዋል።

ስሜ ግን ከኮዱ ላይ አልጠፋም። ሪቨርቱ ኮዱን ቢመልስም፣ ብሌም (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ ማን እንደነካው የሚያሳየው ትእዛዝ) ሲደረግ እነዚያ መስመሮች ሁሉ በኔ ስም ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ጊት 2.23 ጀምሮ ብሌም የሚዘላቸውን ኮሚቶች በፋይል መዝግቦ መስጠት ይቻላል። የመጀመሪያውን ኮሚትም ሪቨርቱንም መዘገብኩ። ጊቱ ያንን ፋይል እንዲያነብ ኮንፊጉን (ሴቲንጉን) ያላስተካከለ ሰው ግን አሁንም ጽፌው ስለማላውቀው ኮድ መጥቶ ይጠይቀኛል።