ሆዱን ቢላ ሳይነካው

ቁልቢ ገብርኤልን ለምኜ የተደረገልኝን ልመስክር። ምስክርነቴ ስለ አንጀት ስለሆነ ካካ የሚለው ቃል ይበዛበታል፤ ታገሱኝ።

ልጄን የወለድኩት ድሬዳዋ፣ በሰኔ ሙቀት ነው። ጡት ይይዛል፣ ያለቅሳል፣ ደህና ነው። ግን ሁለት ቀን አልፎትም ያ ጥቁሩ የመጀመሪያ ካካ አልወጣም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አማቴ "ሙቀቱ ነው፣ ቅቤ እናውጠው" አሉ። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ጋዝ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን። ከዚያ ማስመለስ ጀመረ፤ ያስመለሰው አረንጓዴ ነበር። እናቶች፣ አራስ ልጅ አረንጓዴ ካስመለሰ ይንጋ አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ "የመጀመሪያ ካካው መቼ ወጣ?" ብላ ነው። ጤነኛ አራስ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ያወጣል። ራጅ ተነሣ፤ ሪፈር ተጻፈልን። አዲስ አበባ ከአንጀቱ ጫፍ ናሙና ተወሰደና ሂርሽስፕሩንግ የሚባል በሽታ ነው ተባልን። ልጅ ገና ጽንስ ሳለ የአንጀቱ ነርቮች ከላይ ወደ ታች እየተጓዙ ነው ቦታቸውን የሚይዙት። የእኔ ልጅ ጋ ጫፉ ላይ ሳይደርሱ ቀሩ። ነርቭ የሌለው አንጀት ደግሞ አይላላም፣ አያሳልፍም። ከ5,000 ሕፃናት አንዱን ያገኛል፣ ወንዶች ላይ ይበዛል። "ምን በልቼ ይሆን?" አልኩ። ከምግብ ጋር አይገናኝም አሉኝ። የሰፈር ሰው ግን ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

መድኃኒቱ ኦፕራሲዮን ብቻ ነው፦ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ መስፋት። እስኪጠነክር ድረስ አንጀቱን በቀጭን ጎማ በሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ማጠብ አስተማሩኝና ወደ ቤት ተመለስን። አውቶቡሱ ቁልቢ ሲደርስ ነው የተሳልኩት። "ገብርኤል ሆይ፣ የልጄን ሆድ ቢላ አይንካው። አዝዬው ዳገትህን በእግሬ እወጣለሁ፣ ጥላም አስገባለሁ" አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ያሰብኩት እንዲሁ እንዲድን ነበር። የንስሐ አባቴ ግን ሕመሙን ስነግራቸው "ጠበሉንም አጠጪው፣ ቀጠሮውንም እንዳታሳልፊ" አሉኝ። ምርጥ አባት ናቸው።

ቀጠሮው ደረሰ። ዋርዱ ውስጥ ሆዳቸው ላይ ካካ የሚቀበል ከረጢት የተለጠፈላቸው ልጆች አይቼ ስለነበር ጉልበቴ ተብረክርኳል። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሳለ ያስረዳኝ ጀመር። አንዳንዱ ልጅ ሆዱ መከፈት አለበት። መሣሪያው ባለበት ቦታ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው በላፓራስኮፒ ይሠሩታል። የታመመው ክፍል አጭር ከሆነ ግን ሥራው በሙሉ በፊንጢጣ በኩል ያልቃል፤ ዘዴው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። "የአንቺ ልጅ ጋ የታመመው ክፍል አጭር ነው፤ ሆዱን ቢላ አይነካውም" አለኝ።

ቃል በቃል! ለቅሶዬ መጣ። ሐኪሙ የፈራሁ መስሎት እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዳኝ ጀመር።

ከማደንዘዣው እስኪነቃ ያለውን ሰዓት አላወራውም። ከዚያ ግን ዳይፐሩ ሞላ። እልል አልኩ፤ የጎን አልጋ እናቶችም ተቀበሉኝ። ለካካ እልልታ ሲቀልጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ሆዱን ገልጣችሁ ብታዩ አንዲት ጠባሳ የለችም።

ታኅሣሥ 19 አዝዬው ዳገቱን ወጣሁ፣ ጥላውንም አስገባሁ። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ክትትሉ ግን አላለቀም። ይህ በሽታ ከኦፕራሲዮን በኋላም አንጀትን ሊያቆጣ ይችላል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካተኮሰው፣ ወይም የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው በሌሊትም ቢሆን ይዘነው እንድንሄድ ተነግሮናል። አማቴም ይህን በቃላቸው ይዘውታል፤ ስለ ቅቤ አንስተው አያውቁም።