እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ሁልጊዜ አያንቀላፋም

ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲጎድለው ያዛጋል፣ ይፈዛል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ በሆነ ባልሆነው ያለቅሳል፣ የተነገረው ካልተደገመለት አይዝም። «ይሄ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ከማለት በፊት የተኛበትን ሰዓት መቁጠር ይቀላል።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይላል። ስሌቱን ከጠዋቱ ጀምሩ። ሰርቪሱ 12፡30 የሚደርስ ከሆነ የ8 ዓመት ልጅ 11፡45 ይነሳል። 10 ሰዓት እንዲተኛ ማታ 1፡45 እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ተኝቷል ማለት ነው! በብዙ ቤት ግን እራት ገና የሚቀርበው ያኔ ነው። እንግዲህ ቀድሞ የሚስተካከለው እራቱ ነው፤ ልጆቹ 12፡30 ላይ ለብቻቸው ቢበሉ ነውር የለውም።

ማታ በ4 ሰዓት መተኛት የለመደን ልጅ ዛሬውኑ 1፡30 ብታስተኙት ጣሪያ ሲያይ ያመሻል። በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ እያስቀደማችሁ ሂዱ፤ የመነሻው ሰዓት ግን ቅዳሜና እሑድም ከ1 ሰዓት በላይ አይዛነፍ። ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ይዘጉ፤ የማታ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያፍናል፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይበረታል። ከምሳ በኋላ ሻይና ኮላ ይቅር። «ቀጭን ነው» ተብሎ የሚሰጠው በረካም ካፌይን አለው።

ሰዓቱን ሞልቶ ተኝቶም ትምህርት ላይ የሚፈዝ ልጅ ካለ ሌሊት አዳምጡት። አብዛኛውን ሌሊት ካንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት ከተመለሰ፣ ያበጠ ቶንሲል ወይም አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ቶንሲል መሰል ሥጋ) የአየር መንገዱን እያጠበበው ሊሆን ይችላል። አንጎሉ ለመተንፈስ ሲል ደጋግሞ ስለሚነቃ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ልጁ ራሱ ግን ጠዋት አያስታውሰውም። ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ ለአንገት በላይ ሐኪም አሰሙ። በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው።

ማታ ማታ መቀመጫውን የሚያሳክከው ከሆነ የፒንዎርም (ቀጭን ነጭ የአንጀት ትል) ምርመራ ያስፈልገዋል። ሰውነቱን ከሆነ ደግሞ ባትሪ አብርታችሁ የፍራሹን ስፌት ተመልከቱ፤ ትኋን የሚሸሸገው እዚያ ነው።