የጠፉት ኪያሮች

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ፈረንጅ አገር ሄዳ ኪያር ትቆጥራለች» ነው የምትለው። አልተሳሳተችም። ኪያሩ ግን የባሕር ኪያር ነው፤ ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ፣ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ ጨለማ ጭቃ ላይ የሚድህ ለስላሳ እንስሳ። መርከቧ ካሜራ በገመድ አውርዳ ትጎትታለች። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ በየፎቶው ያሉትን እቆጥራለሁ፣ ርዝመታቸውን እለካለሁ።

የሚኖሩት ከላይ በሚወርድላቸው ፍርፋሪ ነው። የሞተ አልጌ፣ የእንስሳት ኩስ፣ የመሳሰለው። ላይኛው ውሃ ሲሞቅ ከሥሩ ካለው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር እንደ ልቡ አይደባለቅም፤ አልጌው ማዳበሪያ ያጣል፤ ፍርፋሪውም ያንሳል። ስለዚህ የታችኞቹ ቁጥር ሲለወጥ ጆሯችንን እናቆማለን።

እኔም አቆምኩ። አዲሱን ጉዞ ከቀድሞው ሳወዳድር፣ በካሬ ሜትር ያሉት ኪያሮች ከሲሶ በላይ ቀንሰዋል። የቀሩት ደግሞ በርዝመት በሩብ ጨምረዋል! ታሪኩ ግጥም አለልኝ፦ ምግብ አነሰ፣ ብዙዎቹ አለቁ፣ ለተረፉት ድርሻቸው በዛ። ስላይድ ሠራሁ፤ ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት ሳይቀር። ማታ ለእማዬ ስደውል «ኪያሮቹ እያለቁ ነው» አልኳት።

«ውይ! ምን ነካቸው?» አለች ከልቧ።

በማግስቱ አለቃዬ ስላይዱን ዝም ብለው አዩት። ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው፣ ወሬ አያበዙም። «እስኪ አንድ ፎቶ ክፈቺልኝ።» ከፈትኩ። በየፎቶው ላይ ሁለት ቀይ የሌዘር ነጥቦች አሉ፤ ካሜራው ከፍ አለ ዝቅ አለ፣ ጭቃው ላይ በመካከላቸው ሁልጊዜ 10 ሳንቲሜትር ነው።

«በነጥቦቹ መካከል ስንት ፒክስል አለ?»

«100።»

«በድሮውስ?»

80። ላብ አጠመቀኝ።

የካሜራውን ከፍታ የሚመዘግበው መሣሪያ በአዲሱ ጉዞ ተበላሽቶ ነበር። ባዶውን የኤክሴል ዓምድ በዕቅዱ ቁጥር፣ በ3 ሜትር፣ የሞላሁት እኔ ነኝ። ካሜራው ግን 2.4 ሜትር ላይ ነበር የሄደው። በዚያ ከፍታ አንዱ ፎቶ የሚሸፍነው ጭቃ እኔ ካሰብኩት 64 በመቶው ብቻ ነው። እንስሳውም ገዝፎ ይታያል። ዓምዱን መሙላቴ ብዙም አልቆጨኝም፤ የሚያበሳጨኝ ኪያሮቹ ድንገት ሲገዝፉ አለመጠራጠሬ ነው። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

አለቃዬ አልተቆጡም። ይልቅ ስለ ፖርኩፓይን ሜዳ አወሩኝ፤ ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ያለ፣ 4,850 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው የባሕር ወለል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 እዚያ አምፔሪማ የምትባል ትንሽዬ የባሕር ኪያር ከመቶ እጥፍ በላይ በዝታ ተገኘች። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ከላይ ከሚወርደው ምግብ መለወጥ ጋር አያያዙት። ግን ያንን ያሉት ለዓመታት እየተመላለሱ እዚያው ቦታ መረብ ከጎተቱ በኋላ ነው።

«አንቺ ያለሽ ሁለት ጉዞ ነው» አሉኝና ወጡ።

ነጥቦቹን በየፎቶው መለካት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቀስቱን አጠፋሁት። ሪፖርቱ ላይ የገባው «በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ግልጽ ልዩነት አልታየም» የሚል ደረቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

እሁድ እማዬ ደወለች። «እነዚያ ኪያሮችሽስ?»

«ተገኙ እማዬ።»

«እሰይ! የት ሄደው ነበር?»