ድጎማው ለባለቤቱ፣ የመብራት ሂሳቡ ለተከራዩ

ቤቶችን በጋዝና በነዳጅ ማሞቅ እንዲቀር የወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመንን ለወራት ሲያነታርክ ከርሟል። በወቅቱ የኢኮኖሚ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ሃቤክ ያቀረቡት ረቂቅ አዲስ የሚተከል ማሞቂያ ቢያንስ 65 በመቶውን ከታዳሽ ኃይል እንዲያገኝ የሚያዝ ነበር፤ ይህም ለብዙ ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ የሆነውን ሂት ፓምፕ ማስገባት ማለት ነው። ቢልድ ጋዜጣ ዘመተበት፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በጁላይ ፓርላማው ሊሰጥበት የነበረውን ድምፅ አስቆመው። ሕጉ ተሸራርፎ በሴፕቴምበር ጸደቀ።

በእኔ እይታ ግን ያ ሁሉ ጩኸት የተጮኸው ከዋናው ጉዳይ ጎን ቆሞ ነው። ሂት ፓምፕ የተገለበጠ ፍሪጅ ማለት ነው፤ ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ወደ ቤት ስለሚያስገባ፣ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። እዚህ አገር ግን የቤት ኤሌክትሪክ ዋጋ ከጋዝ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ማሽኑ በብቃቱ ያተረፈውን ታሪፉ ይበላዋል። ስዊድን ከ1991 ጀምሮ በካርቦን ላይ ግብር በመጣል ነዳጅን አስወድዳለች፤ የጀርመን ጥምር መንግሥት በአንጻሩ በ2025 ስምምነቱ ለሁሉም ቃል የገባውን የኤሌክትሪክ ግብር ቅናሽ ለኢንዱስትሪና ለግብርና ሰጥቶ ቤተሰቦችን አቆይቷል። እንዲያም ሆኖ በ2025 የመጀመሪያ አጋማሽ ከጋዝ ማሞቂያ ይልቅ ሂት ፓምፕ በብዛት ተሸጧል፤ የዚህ ምክንያቱ በአመዛኙ መንግሥት ለማሞቂያ ቅየራ የሚሰጠው ድጎማ ይመስለኛል።

ድጎማው በእርግጥ ለጋስ ነው። መነሻው 30 በመቶ ሲሆን፣ አሮጌ ማሞቂያውን ቶሎ ለሚቀይር 20፣ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ40,000 ዩሮ ላልበለጠ ደግሞ 30 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚታሰበው ወጪ እስከ 30,000 ዩሮ ስለሆነ እስከ 21,000 ዩሮ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ጭማሪዎች የሚሰጡት በራሱ ቤት ለሚኖር ባለቤት ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ ቤተሰብ ተከራይ በሆነበት አገር፣ እኔን ጨምሮ ፍራንክፈርት የማውቃቸው አበሾች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ውጭ ነን።

ተከራዩ ጋ የሚደርሰው አከራዩ የሚልከው ደብዳቤ ነው። ግቢው ውስጥ ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ ማራገቢያ ያለው የሂት ፓምፕ ግራጫ ሳጥን እንደሚተከል፣ ኪራዩም በስንት እንደሚጨምር ይነግረዋል። ለማሞቂያ ቅየራ ጭማሪው በወር በካሬ ሜትር ከ50 ሳንቲም እንዳይበልጥ ሕጉ ገድቧል፤ ለ70 ካሬ ቤት 35 ዩሮ ማለት ነው። ይህ ገደብ ደግ ቢሆንም የመብራት ሂሳቡን አይነካም፤ ሙቀት እንዳያመልጥ ግድግዳው ያልተሸፈነ አሮጌ ሕንጻ ላይ የተተከለ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጎትት ልዩነቱን የሚከፍለው ማሽኑን ያልመረጠው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ሰዎች ሥራው ሊጀመር ሦስት ወር ሲቀረው እንዲነገራችሁ መብት አላችሁ። ጭማሪው ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ከደረሳችሁበት ወር እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ድረስ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። በዚያው አጋጣሚ የፓምፑ ዓመታዊ ብቃት፣ ማለትም በዓመት በአማካይ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሙቀት፣ ስንት ተብሎ እንደተሰላና ራዲያተሮቹ ይቀየሩ እንደሆነ ጠይቁ።